በበልግ የምትወልድ በግ

ለጥናት የሚነበበው ክፍል፦ ዘፍጥረት 33፥12-17



ዔሳው ከአራት መቶ ሰዎች ጋር መጥቶ ከወንድሙ ጋር ከታረቀ በኋላ አብረው እንዲጓዙ ጠየቀው። ያዕቆብ ግን አልተስማማም። ሕፃናቱንና የሚያጠቡትን እንስሳት ጠቅሶ፣ አንድ ቀን ብቻ እንኳ በጥድፊያ ቢነዱ መንጋው እንደሚያልቅ ነገረው። ሃያ ዓመት የላባን በጎች የጠበቀ ሰው ነውና ይህን የተማረው በቀን ሐሩርና በሌሊት ቁር ነው (ዘፍ. 31፥38-40)። ያዕቆብ በንግግሩ ሁሉ ቅን ነበረ አንልም፤ ወደ ሴይር እመጣለሁ ብሎ የሄደው ወደ ሱኮት ነው። ስለ በጎቹ የተናገረው ግን እውነት ነበረ።

የመንዝ ገበሬም ይህን እውነት ያውቃል። በዚያ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ፣ በግ በማንኛውም ወር ልትወልድ ትችላለች። አውራው በኅዳር ያጠቃት በግ አምስት ወር ያህል አርግዛ በሚያዝያ ትወልዳለች። ጽንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው፤ እነዚህም ሳምንታት ግጦሹ አልቆ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ የሚያይባቸው ናቸው። በልጉ በየካቲት መግባት ሲገባው ይዘገያል፤ አንዳንድ ዓመትም ጨርሶ ይቀራል። በ1976 ዓ.ም. በወሎ በልጉ በመቅረቱ የደረሰውን ከወላጆቻችን ሰምተናል። ሲመጣ ደግሞ ከነፋስና ከበረዶ ጋር በአንድ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። እንግዲህ ለእናቲቱ ሣር የሚያበቅለው ዝናብ ያው ልጇን የሚገድለው ዝናብ ነው።

የመንዝ ግልገል ሲወለድ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ቢመዝን ነው። ከማኅፀን ይዞት የወጣው ጥቂት ስብ የሚያሞቀው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ያለው በእንገሩ ነው። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጠባ ሊረዱት ይገባል። ለአንድ ጊዜ የሚበቃው ከ100 እስከ 125 ሚሊ ሊትር ሲሆን ከአንድ የሻይ ብርጭቆ እምብዛም አይበልጥም። እትብቱንም አዮዲን መቀባት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ በርኅራኄ የሚገደል ግልገል አለና። የቀዘቀዘ ግልገል ያየ ሰው ቶሎ ብሎ ወተት ሊያፈስስለት ይሻል። ነገር ግን አስቀድሞ ጣትን በአፉ አስገብቶ መመርመር ያስፈልጋል። የአፉ ውስጥ ከቀዘቀዘና ጣትን የማይጠባ ከሆነ የሚፈስስለት ወተት ወደ ሳንባው ይገባል። በጨርቅ ወይም በድርቆሽ አሽቶ ማድረቅ፣ በባና ጠቅልሎ ከምድጃው ራቅ አድርጎ ማሞቅ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ሲይዝ ማጥባት፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሳይጠባ አምስት ሰዓት ያለፈው ግልገል ግን ኃይሉ ስላለቀ ሙቀት ብቻውን ሊገድለው ይችላል፤ አስቀድሞ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ግሉኮስ ሊሰጠው ይገባል።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ እንመለስ። ለባልቴቶችና ለችግረኛ ቤተ ሰቦች በግ ስናከፋፍል የማከፋፈያውን ቀን የሚወስነው ብዙ ጊዜ የበጀት ዓመቱ ነው። መውለጃዋ የደረሰ በግ በመኪና ተጭና፣ ዳገት ተነድታ፣ ጋጣ ወደሌለው ቤት ትገባለች። ከዚያም ግልገሉ ሲሞት ባልቴቲቱ ለጎረቤቷ የምታስተላልፈው የላትም፤ ባለዕዳ ተብላ በማኅበሩ ፊት ታፍራለች። ዔሳው ክፉ አላሰበም፤ መልካም ሐሳብም መንጋ ሊጨርስ ይችላል። በእኛ አስተያየት እርግዝናዋ አራት ወር ያለፈ በግ ከቦታዋ ባትንቀሳቀስ ይሻላል፤ የበጀቱ መዝገብ ይቆይ።

ቁጥር 17ንም እንዳታልፉት። ያዕቆብ በሱኮት ለራሱ ቤት ሠራ፣ ለከብቶቹም ዳስ አቆመ፤ ቦታው ስሙን ያገኘው ከከብቶቹ ዳስ ነው። በመንዝ ከነፋስ የሚጋርድ የድንጋይ ካብና ጥቂት የሣር ክዳን፣ ለወላዷም አስቀድሞ የተቀመጠ ድርቆሽና የባቄላ ገለባ ይበቃል። ይህን ለማዘጋጀት ከበጎቹ በፊት አንድ ወር ያስፈልጋል።

በየቡድናችሁ ተነጋገሩበት፦ በአጥቢያችሁ በጎች በብዛት የሚወልዱት በየትኛው ወር ነው? በዚያ ወር ብቻዋን የምትኖር እናት ሌሊት ግልገል ቢቀዘቅዝባት የማንን በር ታንኳኳለች?