ትልቅ ቁጥር «ብቸኛ» መሆኑ በምን ይታወቃል?



ሲኤምሲ ቁጭ ብለን በስልካችን ድረ ገጽ ስንከፍት፣ የከፈትነው ትክክለኛው ገጽ መሆኑን ከሚያረጋግጡልን ስልቶች አንዱ አርኤስኤ ነው። ቁልፉ የሁለት ብቸኛ (ፕራይም) ቁጥሮች ብዜት ነው፤ እያንዳንዳቸው ብዙውን ጊዜ 300 አሃዝ ያልፋሉ። አንዱ ብቸኛ ካልሆነ ቁልፉ ይበላሻል። ታዲያ ብቸኛ መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

በ2147483647 እንማር። ፕሮግራሚንግ የጀመረ ሁሉ ያውቃታል፤ ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር የሚይዘው ትልቁ ቁጥር፣ 2³¹ − 1 ናት።

የመጀመሪያው መንገድ፦ በስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሰም (965–1040 እ.ኤ.አ. ገደማ) ከ2 እስከ 6 ባሉት ቁጥሮች ሲካፈል 1 የሚተርፈው፣ ለ7 ግን እኩል የሚካፈል ቁጥር ፈለገ። መልሱ 1×2×3×4×5×6 + 1 = 721 = 7×103 ነው። ይህ ለብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ይሠራል፤ ብቸኛ ላልሆነ ግን አይሠራም። በ9 ብንሞክር 40321 ለ9 ሲካፈል 1 ይተርፋል። አውሮፓ ውስጥ ሕጉ በዊልሰን ስም ተጠራ፤ ላግራንዥ በ1771 አረጋገጠው። ፍርዱ እርግጠኛ ነው፤ ለቁጥራችን ግን ከሁለት ቢሊዮን በላይ ብዜት ይጠይቃል።

ሁለተኛው፦ ኦይለር በ1772 የቁጥሯ ብቸኛ አካፋይ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 መተው እንዳለበት አሳየ። ከዚያ እስከ 46340 ያሉትን እነዚህን ብቻ ፈትሾ ብቸኛ መሆኗን አረጋገጠ። 300 አሃዝ ላለው ቁጥር ግን እንዲህ ያለ ፍተሻ አይታሰብም።

ሦስተኛው የፌርማ ፈተና ነው፦ p ብቸኛ ከሆነና 2 ካልሆነ፣ 2ᵖ⁻¹ ለp ሲካፈል 1 ይተርፋል። ርቢው ቢገዝፍም ስሌቱ ፈጣን ነው። በዓለም «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» የሚባለው ዘዴ አንዱን ቁጥር እያጋመሰ ሌላውን እጥፍ ያደርጋል። እዚህም ርቢውን እያጋመስን፣ እጥፍ በማድረግ ፈንታ በራሱ እናባዛለን። ለቁጥራችን በራስ ማባዛቱ 30 ጊዜ ይበቃል።

ግን ጥንቃቄ! 341 = 11×31 ነው። 2¹⁰ = 1024 = 3×341 + 1 ስለሆነ 2³⁴⁰ም 1 ይተርፋል፤ ብቸኛ ሳይሆን ፈተናውን አለፈ። በ3 ቢፈተን ግን 56 ይተርፋልና ይጋለጣል። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራበት የተሻሻለው ሚለር–ራቢን ፈተና በዘፈቀደ በተመረጡ መሠረቶች ይደጋገማል። ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር 20 ዙር የማለፍ ዕድሉ ከትሪሊዮን አንድ ያነሰ ነው።

በመድረሳ የቂንን (እርግጠኝነትን) ከዘን (ከግምት) ለይተን ተምረናል። ቂብላ የጠፋው መንገደኛ አቅሙን ተጠቅሞ መርምሮ ባመዘነለት አቅጣጫ ይሰግዳል፤ «በዓይኔ አየሁት» ግን አይልም። መሐንዲስም ባመዛኝ ግምት ቁልፍ ሊሠራ ይችላል። በሪፖርቱ ላይ ግን «ፈተናውን አልፏል» የሚለውን «ተረጋግጧል» ብሎ መጻፍ የለበትም።

መልመጃ፦ 91ን በ3፣ ቀጥሎም በ2 ፈትኑት። የትኛው አጋለጠው?