በስልክ የሚመራ የአንገት እንቅስቃሴ፦ መተግበሪያው የሚያየውና የማያየው

ከሦስት ወር በላይ የቆየ የአንገት ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። የጡንቻ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ከሚመከሩት ሕክምናዎች አንዱ ነው፤ ይሁን እንጂ ታካሚው በክሊኒክ የተማረውን በቤቱ ሳያቋርጥ መሥራቱ ዘወትር ያጠራጥራል። የስልክ መተግበሪያዎች ይህን ክፍተት ለመሙላት ታስበዋል። ከዚያ የሚቀድመው ጥያቄ ግን ስልኩ ለታካሚው የሚያደርሰው ምን ዓይነት ልምምድ ነው የሚለው ነው።

በዴንማርክ ተካሂዶ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ 198 የቢሮ ሠራተኞችን በዕጣ በሦስት ቡድን መደበ። አንዱ በቀን 2 ደቂቃ፣ ሌላው 12 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን በላስቲክ የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎችን አጠናከረ፤ ሦስተኛው አጠቃላይ የጤና መረጃ ብቻ ደረሰው። ከ10 ሳምንት በኋላ በሁለቱም የእንቅስቃሴ ቡድኖች ሕመሙ ከተነጻጻሪው ቡድን ይልቅ ቀነሰ። በበርሊን በ220 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራ ደግሞ አካልንና አእምሮን የማፍታታት ልምምድ በስልክ መተግበሪያ ሰጠ፤ በሦስት ወር ውስጥ ከተለመደው ሕክምና የተሻለ የሕመም መቀነስ አላሳየም። ተሳታፊዎቹም ዘዴዎቹም ስለሚለያዩ ሁለቱን በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። ሆኖም ከበርሊኑ ውጤት ተነሥቶ «መተግበሪያ ለአንገት ሕመም አይረዳም» ማለት ስሕተት ነው፤ የተፈተነው ልምምድ ጡንቻ ላይ ጫና የሚያሳርፍ አልነበረምና።

ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ለስልክ ይስማማል? የአንገትን ጥልቅ ጡንቻዎች ለመፈተን ፊዚዮቴራፒስቱ በጀርባው ከተኛው ታካሚ ማጅራት ሥር የግፊት መለኪያ ያለው አየር የተሞላ ከረጢት ያስቀምጣል። ታካሚው አገጩን በቀስታ እየሳበ ግፊቱን ከ20 ወደ 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በ2 በ2 ያሳድጋል፤ በየደረጃውም 10 ሰከንድ ይቆያል። ባለሙያው በዓይኑና በጣቱ የሚከታተለው የላይኛው ጡንቻ፣ ስተርኖክላይዶማስቶይድ፣ የጥልቆቹን ሥራ ነጥቆ እንዳይሠራ ነው። ስልክ ይህን አያደርግም። በእጅ የተያዘ ስልክ አክስሌሮሜትር የሚለካው የስልኩን ዝንባሌ እንጂ የአንገቱን አይደለም፤ ስልኩ በራስ ላይ ቢታሰር እንኳ የራስን ዝንባሌ ይነግራል እንጂ የትኛው ጡንቻ እንደሠራ አይነግርም። ስለዚህ «ትክክል ነው» የሚል መልእክት የሚያረጋግጠው የእንቅስቃሴውን ቅርጽ ብቻ ነው። በአንጻሩ ላስቲክ ይዞ ክንድን ወደ ጎን ማንሣት ለሠሪውም የሚታይ ነው፤ ጫናውም በወፍራም ላስቲክ ይጨምራል። በእኔ አመለካከት ለስልክ መጀመሪያ መመረጥ ያለበት እንዲህ ያለው፣ ስሕተቱን ያለ ባለሙያ መለየት የሚቻለው እንቅስቃሴ ነው።

በአገራችን ጥናቱን ለሚያስብ ተመራማሪ ሌላም እንቅፋት አለ። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመውና በሰፊው የሚሠራበት የአንገት ሕመም መጠይቅ 10 ጥያቄዎችና 50 ነጥብ አሉት፤ አንዱ ጥያቄ ስለ መኪና መንዳት ነው። መኪና የማይነዳ ሰው ይዘለዋል። ውጤቱ ከ45 ነጥብ በመቶኛ ይሰላ እንደሆነ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት መወሰን አለበት። መተግበሪያው መከፈቱም እንቅስቃሴው እንደተሠራ ተደርጎ ሊመዘገብ አይገባም።

የመጨረሻው የደኅንነት ጉዳይ ነው። የእጅ መድከም፣ የአረማመድ መዛባት፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል ወይም ትኩሳት ያለው ሰው ሕመሙ ከኅብለ ሰረሰር መጨቆን ወይም ከኢንፌክሽን የመጣ ሊሆን ይችላል። መተግበሪያው ይህን አስቀድሞ መጠየቅ፣ «አዎ» ያለውንም ወደ እንቅስቃሴው ገጽ ሳያሳልፍ ወደ ሐኪም መምራት ይኖርበታል።