ኮሮና በነፍሰ ጡር እናት፦ ሕክምናውና መለያ ቁጥሩ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ቫይረሱ የያዛት ነፍሰ ጡር ካልጸነሰች እኩያዋ ይልቅ ለጽኑ ሕመምና ያለጊዜው ለሚመጣ ምጥ የተጋለጠች መሆኗን እናውቃለን። ያደገው ማሕፀን የሳንባዋን ቦታ ያጠብባል፤ የኦክስጅን ፍላጎቷም ይጨምራል።

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የጤናማ ሰው የደም ኦክስጅን መጠን እንኳ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በአርሲ ደጋ የመሣሪያው ንባብ ከከፍታው፣ ከእናቲቱ የትንፋሽ ፍጥነትና ከጽንሱ የልብ ምት ጋር መገናዘብ አለበት። ቫይረሱ ብቻውን ግን በቀዶ ሕክምና ለማዋለድ ምክንያት አይሆንም።

ከአንዲት እናት ሕክምና የተገኘው ዕውቀት ለሌላዋ የሚደርሰው በመዝገብ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት 10ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ኮሮና መለያው ዩ07.1 ነው። ለነፍሰ ጡር ግን አስቀድሞ ኦ98.5፣ ማለትም እርግዝናን የሚያውክ የቫይረስ በሽታ፣ ይጻፋል፤ ዩ07.1 ይከተላል። ዩ07.1 ብቻውን ከተጻፈ እርግዝናዋ ከቆጠራው ይጠፋል፤ ወረርሽኙ ስንት እናቶችን እንደጎዳ ብንጠይቅም መዝገቡ አይመልስልንም።