ጋብቻና ድንበር፤ ከባዕድ አገር ዜጋ ጋር የተጋባ ሰው የመኖርና የመሥራት መብቱ

በዩኒቨርሲቲያችን የተለያየ ትምህርት የምንከታተል፣ ነገር ግን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ክረምት ለዕረፍት ወደየቤታችን በገባን ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልናል። ይኸውም «እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ይህን ወረቀት አንብቡልን» የሚል ነው። ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ባል አሜሪካ ነው፤ ሚስት ነፋስ መውጫ ናት። ወይም እኅት ጀርመን ገብታ እዚያው አግብታለች፤ ቤተ ሰቦቿም «ሥራ መያዝ ትችላለች ወይስ አትችልም?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛም ብዙ ጊዜ መልሱን ሳናውቅ እንደምናውቅ ሆነን ተናግረናል። ይህ ስሕተት መሆኑን ስለ ተረዳነው ሕጉን በኅብረት ልናጠናው ተስማማን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥናት ውጤት ነው።

ወደዚህ ጥናት ያነሣሣን ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት በእስቴ አንዲት ወጣት ሚስት የጉዳይዋን ወረቀት ይዛ መጣች። ባሏ የዚያው አገር ልጅ ሲሆን የአሜሪካ ዜግነት ከወሰደ በኋላ መጥቶ በጥር 2012 ዓ.ም. በሽማግሌ ፊት በሰማንያ አግብቷት ተመልሷል። ማመልከቻውን ገንዘብ ተቀብሎ የሞላው ደላላ የልደቷን ቀን በትክክል ወደ አውሮፓ አቈጣጠር መልሶ ኤፕሪል 2001 ብሎ ጽፎታል። የጋብቻውን ዓመት ግን ሳይመልስ «ጃንዋሪ 2012» ብሎ እንዳለ አስቀመጠው። እንግዲህ ወረቀቱን የሚያነበው ባዕድ ሹም ሴትዮዋ በዐሥር ዓመቷ እንደ ተዳረች ይቈጥራል ማለት ነው። እውነቱ ግን ጋብቻው የተፈጸመው ጃንዋሪ 2020 ሲሆን ዕድሜዋም 18 ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ነበር። በዚህች አንዲት ቍጥር ምክንያት ጉዳዩ ለጥያቄ ተመልሶ ቈየ። ስሕተቱን አግኝተን የማረሚያ ደብዳቤ ጻፍንላት፤ ቢሆንም እስካሁን አልተቋጨም። እርሷም ትጠብቃለች።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አለመሆኑን እናስታውስ። ከእኛ አውራጃ ጎን፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የአውሮፓ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ተቀምጠው ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ቤል የንጉሠ ነገሥቱ ሊቀ መኳስ ሆኖ አገልግሏል፤ ኢትዮጵያዊትም አግብቶ ወልዷል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1860 በጦር ሜዳ ሞተ። ልጁን ሱዛንን ቴዎፍሎስ ቫልድማየር የተባለው የስዊስ ሚሲዮናዊ አገባት። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ አድርጎ ወደ መቅደላ መጓዙ ይታወቃል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ እነዚህ አውሮፓውያን ከኢትዮጵያውያን ሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር የእንግሊዝን ጦር ተከትለው ከአገር ወጡ። ሱዛንም ከባሏ ጋር ሄዳ ኑሮዋ ሊባኖስ ላይ ሆነ። ቫልድማየር በዚያ በብሩማና እ.ኤ.አ. በ1873 ትምህርት ቤት አቋቁሟል።

ለእነዚያ ሴቶች የቪዛ ማመልከቻ የሞላላቸው የለም። የመውጫቸውም የመኖሪያቸውም ፈቃድ ባላቸው ብቻ ነበር። ባል ቢሞት ወይም ቢፈታ በባዕድ አገር የራሴ የሚሉት መብት ምን ይሆን ነበር ብለን ብንጠይቅ የሚያስደስት መልስ አናገኝም። ዛሬ ቪዛ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የሥራ ፈቃድ የሚባሉት ወረቀቶች መጥተዋል። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ሚስት ወይም ባል በባዕድ አገር የሚኖረው በራሱ መብት ነው ወይስ በሌላው ጥላ?

መጀመሪያ የራሳችንን አገር ሕግ እንመልከት። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊን በሕግ ያገባች የባዕድ አገር ሴት ወዲያውኑ ኢትዮጵያዊት እንድትሆን ያደርግ ነበር። ኢትዮጵያዊት ሴት ግን ባዕድ አግብታ የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣለች። ሚስት የባሏን ዜግነት ትከተላለች የሚለው ይህ አስተሳሰብ በዚያን ጊዜ በብዙ የዓለም አገሮች ሕግ ውስጥ የነበረ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ይህን ሽሮታል። ወንድም ሆነ ሴት፣ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ በማግባቱ ብቻ ዜግነቱ አይቀርበትም። ስለዚህ «ፈረንጅ ካገባሽ አገርሽ ቀረ» የሚለው የአገር ቤት ወሬ ዛሬ ሕግ አይደለም። ዜግነት የሚቀረው ሰው በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ሲወስድ ነው፤ የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 378 ሁለት ዜግነት አይፈቅድምና።

ወደ እኛ የሚመጣው ባዕድስ? በዚሁ አዋጅ መሠረት ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ዜጋ የኢትዮጵያን ዜግነት ለመጠየቅ ጋብቻው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሊሞላው፣ እርሱም ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ሊኖር ይገባል። እስከዚያ ድረስ የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለሥራ ደግሞ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 በአንቀጽ 176 ማንኛውም የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ሳይኖረው እንዳይቀጠር ይከለክላል። ፈቃዱ ለአንድ ለታወቀ የሥራ ዓይነት፣ ለሦስት ዓመት የሚሰጥና በየዓመቱ የሚታደስ ነው። አንቀጹ ኢትዮጵያዊ ያገባውን ለይቶ ነጻ አላደረገም። እንግዲህ ከእኛ ወገን አንዱ የባዕድ አገር ሚስት ይዞ ነፋስ መውጫ ቢገባ፣ እርሷም ነርስ ብትሆን፣ የጋብቻዋ ወረቀት ብቻውን በጤና ጣቢያ አያስቀጥራትም።

ከዚህ የሚለየው በትውልድ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የውጭ ዜግነት የያዘ ሰው ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 270 ቀድሞ ኢትዮጵያዊ ለነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ የውጭ ዜጋ ብዙዎች «ቢጫ ካርድ» የሚሉትን መታወቂያ ይሰጣል። ባለ ካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፤ ከመከላከያ፣ ከጸጥታ፣ ከውጭ ጉዳይና ይህን ከመሳሰሉ የፖለቲካ መሥሪያ ቤቶች በቀር ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል።

አሁን ወደ ውጭ እንሻገር። አሜሪካን አገር ብዙዎቻችን አንድ የምናደርጋቸውን ነገሮች ሕጉ ይለያቸዋል። የአሜሪካ ዜጋ ባል ወይም ሚስት «የቅርብ ዘመድ» ስለሚባል በዓመታዊ የቍጥር ገደብ ውስጥ አይገባም። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው ባለቤት ግን ገደብ አለበትና ተራ ይጠብቃል። ሁለቱም በስደተኛ ቪዛ ከገቡ በኋላ ወዲያውኑ የመሥራት መብት አላቸው። ነገር ግን በመግቢያው ቀን ጋብቻው ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ የሚሰጠው የመኖሪያ ካርድ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል፣ ሁኔታ የታሰረበት ካርድ ነው። ጊዜው ሊያልቅ በቀሩት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት በአንድነት አመልክተው ሁኔታውን ማስነሣት አለባቸው። ጋብቻው በእውነት ተመሥርቶ በኋላ የፈረሰ ከሆነ፣ ወይም ተጋቢው በደል ከደረሰበት፣ ብቻውን የሚያመለክትበት መንገድ በሕጉ ተቀምጧል። ይህን ብዙ እኅቶቻችን አያውቁም። «ከቤቴ ከወጣሽ ወዲያው ወደ አገርሽ ይመልሱሻል» የሚለው ማስፈራሪያ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ለዲቪ የሚያመለክት ሰው በዕለቱ ያገባ ከሆነ የባለቤቱን ስም ማስመዝገብ ግዴታው ነው፤ ቢደብቅ ዕድሉ ይሰረዛል። ባለቤቱም ከእርሱ ጋር እኩል የመኖርና የመሥራት መብት ያገኛል። ጊዜው ግን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ላይ የተቈረጠ ነው። ዕጣ ወጣልኝ ካለ ሰው ጋር ለገንዘብ ሲባል የሚደረግ የወረቀት ጋብቻ በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ነው። ይህን ያደረገ ሰው ኋላ በእውነት ቢያገባም እንኳ በጋብቻ የመግባት በር ሊዘጋበት ይችላል።

ለእኛ ለተማሪዎች በተለይ የሚጠቅመው ይህ ነው። በተራ የተማሪ ቪዛ አሜሪካ የገባ ሰው ባለቤት፣ «ኤፍ ሁለት» የሚባለው፣ ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም። በልውውጥ ፕሮግራም የሄደ ሰው ባለቤት፣ «ጄ ሁለት»፣ የሥራ ፈቃድ አመልክቶ ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱም «የተማሪ ሚስት» ይባላሉ፤ አንደኛዋ ግን ለዓመታት እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። በእንግሊዝ አገር ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ የጀመሩ ተማሪዎች፣ በምርምር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ካልገቡ ወይም የመንግሥት ወጪ ተማሪ ካልሆኑ በቀር፣ ባለቤት ይዘው እንዳይገቡ ተከልክለዋል። እዚያው አገር ባለቤቱን የሚያስመጣ ነዋሪ ሊኖረው የሚገባው ዓመታዊ ገቢ በኤፕሪል 2024 ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ ተደርጓል። ጀርመን ደግሞ ባለቤቱ ከመሄዱ በፊት እንደ ደንቡ የመጀመሪያውን ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና እንዲያልፍ ትጠይቃለች። ከገባ በኋላ ግን የቤተ ሰብ መኖሪያ ፈቃዱ ሥራ ያስፈቅደዋል፤ ሦስት ዓመት በትዳር አብረው ከኖሩም ከባለቤቱ ተለይቶ በራሱ መብት ሊኖር ይችላል።

አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንለምናለን። የሕጉ አንቀጽና የቈንስላው የዕለት ሥራ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ብዙ የስደተኛ ቪዛዎች፣ ዲቪም ጭምር፣ ታግደው ነበር። የአሜሪካ ዜጎች ባለቤቶች ግን ከእገዳው ውጭ ነበሩ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ዛሬም ሊወጣ፣ ነገም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ማንም ሰው ቤቱን ከመሸጡ፣ ከሥራውም ከመልቀቁ በፊት የዕለቱን ሁኔታ ከኤምባሲው ራሱ መጠየቅ አለበት።

በመጨረሻ ችግሩ የሚጀምርበትን ቦታ እንጥቀስ፤ እርሱም የራሳችን ቀበሌ ነው። በአገራችን ሰው በቍርባን ወይም በሰማንያ ይጋባል። የክልላችን የቤተ ሰብ ሕግ፣ የ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 79፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመውን ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው ጋር ያጸድቃል። ሆኖም ባዕድ መንግሥት የሚያየው ሠርጉን ሳይሆን ማስረጃውን ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 760 መሠረት ጋብቻ በቀበሌ መመዝገብ አለበት። የተሰጠውም ምስክር ወረቀት ወደ ውጭ ሲሄድ ተተርጕሞ ይረጋገጣል። ሰማንያውን በሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ዐምስት ዓመት የቈየ ሰው ምስክሮቹ ሲሞቱ ወይም ሲሰደዱ ይቸገራል። ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ በመጣበት በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልላችን በሆነው ግጭት፣ ወረቀትን በወቅቱ መያዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሁላችንም አይተናል።

ስለዚህ እኛ የሚከተለውን ለመሥራት ተስማምተናል፤ ሌሎችም እንዲከተሉን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በመጪው ክረምት ወደየወረዳችን ስንገባ ለሚጠይቀን ሰው የቀኖችን አቈጣጠር በነጻ እናስተካክላለን። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ግድም ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን እናስረዳለን። ሁለተኛ፣ ስም በልደት ወረቀት፣ በፓስፖርትና በጋብቻ ወረቀት በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲጻፍ እንመክራለን። እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም እንደማትወስድና የአያት ስም የቤተ ሰብ ስም እንዳልሆነ ባዕዱ አያውቅምና። ሦስተኛ፣ የምትሄድ እኅት ፓስፖርቷን፣ የጋብቻ ወረቀቷንና የማመልከቻዋን ግልባጭ በራሷ እጅ እንድትይዝ እንነግራታለን። አራተኛ፣ የማናውቀውን «አናውቅም» እንላለን፤ እርሱም ወደ ሕግ ዐዋቂ እንዲሄድ እናደርጋለን።

ከጋፋት የወጡት ሴቶች መብታቸውን የሚነግራቸው አልነበረም። የዛሬዋ የእስቴ ሴት ግን የተጻፈ ሕግ አላት፤ የጎደላት የሚያነብላት ሰው ነው። እኛ በሕዝብ ገንዘብ ማንበብ ተምረናል፤ ዕዳውን በዚሁ ብንጀምር መልካም ነው።