አጨዳ ላይ የያዘኝ ወገብ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ41 ዓመት አርሶ አደር ነኝ፤ የምኖረው ምሥራቅ ጎጃም ነው። ጤፍ ሳጭድ ውዬ ነዶ ላነሳ ስል ወገቤን ቆረጥ አደረገኝና ቀና ማለት አቃተኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ መርፌ ተወጋሁ። ቀለል ሲለኝ ወደ አጨዳው ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ቀን እንደገና ያዘኝ። አንዱ «ኩላሊትህን ነው» ይለኛል፤ ሌላው «ዲስክህ ተንሸራቷል፣ ከእንግዲህ ሞፈር እንዳትነካ» ይለኛል። አዝመራው ገና ሜዳ ላይ ነው። ተኝቼ ልሰንብት ወይስ ልሥራ?

መልስ፦ አይተኙ። ሕመሙ በጠናበት ጊዜ ለአጭር ጊዜ ጋደም ቢሉ ክፋት የለውም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ጡንቻው ይዝላል፣ ወገቡም ይበልጥ ይደርቃል። ሄልሲንኪ ውስጥ በከተማው ሠራተኞች ላይ ተካሂዶ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። ሁለት ቀን እንዲተኙ ከታዘዙት ይልቅ፣ ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የዘወትር ተግባራቸውን የቀጠሉት ቶሎ አገገሙ። እነሱ ጤፍ አያጭዱም ቢሉኝ እውነትዎን ነው። ስለዚህ ሥራውን አይተዉ፣ ጎንበስ ብሎ መዋሉን ግን ለጊዜው ለሌላ ይልቀቁ።

የያዘዎት ነዶ ሊያነሱ ሲሉ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሰው ለረጅም ጊዜ ጎንብሶ ሲቆይ የአከርካሪን አጥንቶች ከኋላ የሚያያይዙት ጅማቶች ተስበው ይላላሉ፤ ጡንቻዎቹም ወገብን ቶሎ ደርሰው መደገፍ ያቅታቸዋል። ቀና እንዳሉ ወዲያው ወደ ቦታቸው አይመለሱም፤ ደቂቃዎች ይፈልጋሉ። በዚያች ክፍተት የተነሣ ቀላል ነዶ፣ ወገቡ አርፎ ከተነሣ ከባድ ሸክም የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። ማጭዱን እንዳስቀመጡ እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ለጠጥ ይበሉ፣ ጥቂት ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ፤ ከዚያ ያንሡ። ሲያነሡ ነዶውን ደረትዎ ላይ ያስጠጉ። መዞር ካስፈለገ እግርዎን ያዙሩ እንጂ ወገብዎን አይጠምዝዙ።

ከዚህ የሚሻለው ደግሞ አጫጁና ነዶ ሰብሳቢው እየተፈራረቁ መሥራት ነው። ወንፈልና ደቦ ለዚህ የተመቹ ናቸው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ከሚያጭድ፣ በየተወሰነ ጊዜው ማጨዱን፣ ነዶ ማሰሩን፣ መከመሩን ብትቀያየሩት ሥራው ሳይቆም ወገብ ያርፋል። አንዳንዴም አንድ ጉልበትዎን ከረጢት ላይ አንበርክከው ይጨዱ፤ ጉልበቱንም ያፈራርቁት።

ማለዳ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሌሊት ስንተኛ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ውሃ ይመጥጣሉ። ስለዚህ ከመኝታ እንደተነሡ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ጎንበስ ማለት ከሌላው ጊዜ የበለጠ ያስጨንቃቸዋል። ፍሬው እንዳይረግፍ ብላችሁ በማለዳ የምትጀምሩ አላችሁ። እንደዚያ ከሆነ ወደ ማሳው በእግር መሄድዎ ራሱ ይጠቅማል፤ ቤትዎ ማሳው ዳር ከሆነ ግን መጀመሪያ ከብቱን ያሰማሩ።

አሁን ወደ ኩላሊቱ። የኩላሊት ጠጠር ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ከጎድን በታች ይጀምራል፣ እየመጣ ይሄዳል፣ ቢተኙም ቢነሡም አይለወጥም፤ ሽንት ላይም ደም ወይም ማቃጠል ሊኖር ይችላል። ሲያጎነብሱ የሚብስ፣ ሲራመዱ የሚቀል ሕመም በአብዛኛው የጡንቻና የጅማት ነው። ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ሲነካ ደግሞ ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ ከጉልበት በታች ይወርዳል፤ እሱም ቢሆን በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። «ፎቶው ላይ ዲስክ ታይቷል» ተብለውም አይደንግጡ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው፣ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 84 በመቶው ዲስካቸው አብጦ ይታያል። ሞፈርዎን አይሰናበቱት።

መርፌውን በተመለከተ፣ የተወጉት ዲክሎፍናክ ከሆነ ሕመም ያስታግሳል እንጂ የላላውን ጅማት አያጠብቅም። ሕመሙ ስለተሸፈነ ብቻ ወደ አጨዳው መመለስዎ ነው መልሶ የጣለዎት። በኅዳርና በታኅሣሥ የነቢያት ጾም ስላለም አንድ ነገር ላሳስብ፦ ዲክሎፍናክም ሆነ አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ሲወሰድ ጨጓራን ያቆስላል፤ ውሃ ሳይጠጡ ፀሐይ ላይ ሲውሉ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ከምግብ በኋላ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይውሰዱ። የጨጓራ ቁስለት፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎ ለባለሙያው ሳይናገሩ አይውሰዱ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የማይሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ። በኮርቻ የሚቀመጥ ሰው ኮርቻውን የሚነካበት ቦታ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ እግር ከከዳ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ለነገ አይባልም። ሕመሙ ሳያቋርጥ ወራት እየቆየ ከባሰ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። አገራችን ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ከብት የሚያረቡና ያልፈላ ወተት የሚጠጡ ሰዎች ትኩሳትና የወገብ ሕመም አብሮ ሲመጣባቸው ብሩሴሎሲስም ይታሰባል፤ ስለ ወተቱ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ እኔ እህል በረንዳ ጫኝና አውራጅ ነኝ። የምንሸከመው ኩንታል ነው። የወገብ ቀበቶ ልግዛ? ወጌሻስ ልታሽ?

መልስ፦ የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ በተደጋጋሚ እንዲሸከም የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 55 ኪሎ ነው። የአሜሪካ የሥራ ጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሁሉ ነገር በተመቸበት ቦታ እንኳ በእጅ ለሚነሣ ዕቃ 23 ኪሎን ነው መነሻ የሚያደርጉት። መቶ ኪሎ በአንድ ትከሻ የሁለቱንም ልክ ያልፋል፤ ይህን እርስዎ ብቻዎን በጥንቃቄ አይፈቱትም። እህሉ በ50 ኪሎ ከረጢት እንዲሞላ አሠሪውን በማኅበር ሆናችሁ ጠይቁ። እስከዚያው ሁለት ሰው ከፍ አድርጎ ያሸክምዎት፣ ከመሬት ብቻዎን አያንሡ፣ ጋሪ ባለበት ጋሪ ይጠቀሙ።

ወጌሻው ጡንቻዎን በቅባት ቢያሽልዎ፣ በሙቅ ውሃ ቢተኩስልዎ አልቃወምም፤ ብዙ ሰው ይቀለዋል። ጀርባ ላይ ቆሞ መርገጥና በኃይል መጠምዘዝ ግን አይፍቀዱ፤ አጥንቱ በቲቢ የተበላ ከሆነ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ቀበቶው ጤነኛ ሠራተኛን ከወገብ ሕመም እንደሚጠብቅ ጥናቶች አላረጋገጡም። መታጠቅ ከወደዱ ይታጠቁ፤ እሱን ተማምነው ግን ትናንት ያላነሡትን ዛሬ አያንሡ።