የውኃ ፍሰትና ሙቀት ለዓሣ ዕንቁላል በሚደርሰው ኦክስጅን ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

በጣና ሐይቅ የሚገኙ በርካታ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች በክረምቱ መውጫ እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ተጉዘው በጠጠራማ ስፍራ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ሽሉ ገና የሚሠራ ስንጥብ ስለሌለው፣ የሚተነፍሰው በዕንቁላሉ ሽፋን ሰርጎ የሚገባውን ኦክስጅን ብቻ ነው። በዙሪያው ያለውን ኦክስጅን ሲጠቀም፣ ኦክስጅኑ ያነሰ ስስ የውኃ ንጣፍ ዕንቁላሉን ይከበዋል። ፍሰቱ ሲፈጥን ይህ ንጣፍ ይሳሳል፤ ሲዘገይ ይወፍራል።

ሙቀት ችግሩን ከሁለት ወገን ያባብሰዋል። በባሕር ጠለል ላይ ንጹሕ ውኃ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 11.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ በ20 ዲግሪ ግን 9.1 ያህል ብቻ ይይዛል፤ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የጣና አካባቢ ደግሞ መጠኑ ከዚህም ያንሳል። በአንጻሩ የሽሉ የኦክስጅን ፍላጎት ከሙቀቱ ጋር ይጨምራል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውኃ የሚበቃ ፍሰት በሞቃት ውኃ ላይበቃ ይችላል።

ደለል የጠጠሩን ክፍተቶች ከደፈነ፣ ከላይ የሚፈሰው ውኃ በኦክስጅን የበለጸገ ቢሆንም ዕንቁላሉ ሊታፈን ይችላል። በመሆኑም የመራቢያ ስፍራዎችን ለመገምገም የላይኛውን ውኃ ኦክስጅን መለካት ብቻውን በቂ አይደለም፤ በጠጠሩ መካከል ያለው ፍሰት፣ ሙቀትና ኦክስጅን በአንድነት ሊለኩ ይገባል።