በብር ምክንያት አትቅሩ

የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፎ «ቤተሰቦቼ ከየት አምጥተው ያስተምሩኛል?» በሚል ስጋት ብቻ የሚቀር ልጅ ከተማችን ሐራ ውስጥ ሊኖር አይገባም። መንገድ አለ!

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመደበው ተማሪ ለትምህርት፣ ለምግብና ለመኝታ አስቀድሞ ክፈል አይባልም። የወጪ መጋራት ውል፣ ሁላችንም ኮስት ሼሪንግ የምንለውን፣ ይፈርማል። አሠራሩ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ነው፤ ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይመልሳል። መምህርነት የሠለጠነ ደግሞ በአገልግሎቱ ይከፍላል። «ዕዳ ነው» እያሉ የሚያስፈሯችሁን አትስሙ። ነገ በምታገኙት ደመወዝ ዛሬ መማር ትልቅ ዕድል ነው። ውሉን ግን አንብባችሁ ፈርሙ፤ ቅጂውንም አስቀምጡ፤ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ስትሄዱ ሒሳቡ ይጠየቃል።

የሚያስጨንቀው የኪስ ወጪው ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ለቤቱ ቅርብ ነው፤ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ የተመደበችው ግን መሳፈሪያ፣ ብርድ ልብስና ሳሙና ያስፈልጋታል። እዚህ ላይ ዝም አትበሉ! ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ፤ ግቢ እንደገባችሁ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ሄዳችሁ ችግራችሁን ተናገሩ። ችግሩን ያልተናገረ ተማሪ መቸገሩን ማን ያውቅለታል?

ከዚህም አርቃችሁ አስቡ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ አካል ጉዳተኛና ተፈናቃይ ወጣቶችን አስተምሯል። በጃራ የተፈናቃዮች መጠለያ ያለ ወጣት እንዲህ ያለ ዕድል መኖሩን ሊሰማ ይገባል። አሜሪካ ያለው ቤሪያ ኮሌጅም እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ እየሠሩ ይማራሉ። ማመልከቻው ላይ ኑሯችሁን እንዳለ ጻፉ። ከብት እየጠበቃችሁ፣ ማሽላ እያጨዳችሁ ማጥናታችሁ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ትራንስክሪፕታችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ላኩ። «ብር ክፈሉና ስኮላርሺፕ አስገኝላችኋለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ ግን በሩን ዝጉበት።

የሐራ አባቶች፣ እናቶች፣ ነጋዴዎች! ቅሬያችን፣ ማለትም ዕድራችን፣ ለሐዘን ጊዜ አያንስም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄዱ ልጆቻችን መሳፈሪያም አብረን እናዋጣ።